ካስፓር፦ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተሠራ ሮቦት

ካስፓር በእንግሊዝ አገር የሃርትፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ከርስቲን ዳውተንሃንና ቤን ሮቢንስ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዳበሩት፣ የትንሽ ልጅ መጠን ያለው ሮቦት ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት፣ መናገር ያልጀመሩትም ጭምር፣ በመዋያቸውና በትምህርት ቤታቸው ከሰው ጋር መግባባትን የሚለማመዱበት መሣሪያ ነው።

ፊቱ ሆን ተብሎ ቀለል ተደርጓል። የሰው ፊት በአንድ አፍታ ብዙ ነገር ስለሚለዋውጥ ለእነዚህ ልጆች ይከብዳል። የካስፓር የሲሊኮን ፊት ደስታንና ሐዘንን በጥቂት እንቅስቃሴ ብቻ ያሳያል፤ መቶ ጊዜ ቢደገምም ያው ነው። ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ሲያውቅ ይረጋጋል፣ ጠጋ ይላል።

ጉንጩ፣ እጁና እግሩ ላይ ንክኪን የሚለዩ ሴንሰሮች አሉት። እግሩን ሲኮረኩሩት ይስቃል፤ ሲመቱት ወይም ሲቆነጥጡት "አመመኝ" ብሎ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል። ዋናው የመምህሯ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። የልጁን እጅ ይዛ በቀስታ መዳበስን ታሳየዋለች፤ ሮቦቱም ወዲያው በደስታ ይመልሳል። "ወዲያው" የሚለው ቀላል ነገር አይደለም፤ ምላሹ ከዘገየ ልጁ መልሱን ከራሱ ንክኪ ጋር አያገናኘውም። ስለዚህ በሴንሰር ብቻ ሳይተማመኑ መምህሯም በሪሞት ታዝዘዋለች። አንዳንድ ልጅ ደግሞ "አመመኝ" የሚለው ድምፅ ጨዋታ ሆኖበት መምታቱን ይደጋግማል፤ ያኔ ያንን ምላሽ ለጊዜው ማጥፋት ይሻላል።

የሞተሩ ድምፅ ጆሮው ስስ የሆነን ልጅ ሊያስፈራ ይችላል። መጀመሪያ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥና ልጁ በራሱ ጊዜ እስኪቀርብ መጠበቅ ይገባል፤ ጎትቶ ማቅረብ ነገሩን ከጅምሩ ያበላሸዋል።

ከባዱ ችግር ግን ልጁ ሮቦቱን ወድዶ ሰውን መርሳቱ ነው። መፍትሔው ጨዋታውን የሦስት ማድረግ ነው፦ ልጁ፣ ካስፓርና መምህሯ። ሪሞቱን ተራ በተራ ይይዛሉ፤ መምህሯ ስትይዝ ልጁ የሚፈልገውን በጣቱ፣ በዓይኑ ወይም በሥዕል ካርዱ ይጠይቃታል። ሥዕል ካርዱ የልጁ ንግግር ስለሆነ ሮቦት መጣ ተብሎ ከእጁ መወሰድ የለበትም።

በጃፓን ተመራማሪው ሂደኪ ኮዚማ የሠሩት ኪፖን የተባለ ሮቦትም ይህንኑ አሳይቷል። ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ እጅም እግርም ቃልም የሌለው ቢጫ ሮቦት ነው፤ የሚችለው ወደ ፊት ማጎንበስ፣ መዞር፣ ወደ ጎን መወዛወዝና ከፍ ዝቅ ማለት ነው። የእድገት እክል ላለባቸው ሕፃናት በተዘጋጀ መዋያ ውስጥ ከእሱ ጋር ሲጫወቱ ደስታቸውን ለማጋራት ወደ እናታቸው ወይም ወደ ተንከባካቢያቸው ዞር ያሉ ልጆች ነበሩ። የሥራው ውጤት መለካት ያለበትም በዚህ ነው፤ ልጁ ሮቦቱን ስንት ጊዜ ነካ ሳይሆን፣ ከሮቦቱ ዓይኑን አንሥቶ ስንት ጊዜ ወደ ሰው ተመለከተ።