መንተባተብ፦ ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይታከማል?

የሚንተባተብ ሰው ምን ማለት እንደሚፈልግ አሳምሮ ያውቃል። ቃሉ ነው አልወጣ የሚለው። አንዳንዴ የመጀመሪያው ድምፅ ይደጋገማል፦ «ከ-ከ-ከበደ»። አንዳንዴ ይጎተታል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የለም፤ አፍ ተከፍቶ ይቀራል፣ አንገት ይገተራል፣ ዓይን ይጨፈናል። ሰሚው ብዙ ጊዜ የማይረዳው ይሄን የመጨረሻውን ነው። ዝምታውን እንደ ፍርሃት፣ አልፎ አልፎም እንደ ውሸት ይቆጥረዋል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልጁ ቃላት መገጣጠም ሲይዝ ነው። ከ100 ልጆች 5 ያህሉ በሆነ ወቅት ይንተባተባሉ። ሦስት አራተኛ ያህሉን እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ከአዋቂዎች 1 በመቶ ገደማ ላይ ይቆያል፤ በዚህ ዕድሜ ወንዶቹ ከሴቶቹ 4 እጥፍ ያህል ይበዛሉ።

እኛ ዘንድ «በልጅነቱ ደንግጦ ነው» ይባላል። እናትም «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። በልጅነት የሚጀምረው መንተባተብ ግን ዋና ሥሩ ዘርና አንጎል ላይ ነው። በቤተሰብ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዴኒስ ድሬይና የመሩት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን፣ በፓኪስታን ቤተሰቦች ጀምሮ ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ሦስት ዘረመሎችን ለየ። የአንጎል ምርመራዎችም በግራው ክፍል የንግግር ቦታዎችን የሚያገናኙት መስመሮች ላይ ልዩነት አሳይተዋል። ጭንቀት መንተባተብን ያባብሰዋል እንጂ ብቻውን አይፈጥረውም።

የሚገርመው፣ ብዙዎቹ ሲዘምሩ ወይም ከሌላ ሰው ጋር አብረው ሲያነቡ አይንተባተቡም። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙሩን ሳይደናቀፍ የሚወጣው ልጅ «ስምህ ማነው?» ሲባል ይያዛል። ሌላውን ቃል በተመሳሳዩ ቀይሮ ያመልጣል፤ ስምን ግን በምን ይቀይረዋል?

የህክምናው ታሪክ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1841 ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ዲፈንባህ የሰው ምላስ ሥር እየቆረጠ ለማዳን ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ፣ ዌንደል ጆንሰን በመሩት ጥናት፣ ደህና የሚናገሩ ወላጅ አልባ ልጆች «ትንተባተባላችሁ» ተባሉ። ልጆቹ ተንተባታቢ አልሆኑም፤ ነገር ግን ለመናገር እየፈሩ ዝምተኛ ሆኑ። ጥናቱ የተካሄደበት የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ጆንሰን ራሳቸው የሚንተባተቡ ሰው ነበሩ። ችግሩን የሚፈጥረው የወላጅ ድንጋጤ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ይህ አስተሳሰብ ስንቱን እናት ያለ ጥፋቷ አስለቅሷል!

ዛሬ ለትንንሽ ልጆች ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ዘዴዎች አንዱ አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረው ሊድኮምብ ነው። ዋናው ሠራተኛ ወላጅ ነው። እናት ወይም አባት በየቀኑ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ለጥቂት ደቂቃ ይጫወታሉ። ሳይያዝ ሲናገር «ጎበዝ! ጥርት አድርገህ አልከው» ይሉታል። የዕለቱን መንተባተብ ክብደት በቁጥር ይመዘግባሉ፤ የንግግር ባለሙያው በየሳምንቱ ያየዋል። እጅግ ቀላል ይመስላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ለአዋቂዎች ፈውስ ብሎ ቃል መግባት አይገባም። በዝግታና ለስለስ አድርጎ ድምፅ የማውጣት ልምምድ አለ። ሌላው መንገድ ራሳቸው የሚንተባተቡት አሜሪካዊው ቻርልስ ቫን ራይፐር ያስተማሩት ነው፦ ከመያዙ ጋር አለመታገል፣ ቀለል አድርጎ ተንተባትቦ ማለፍ። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ ሰውየው ቃል እየሸሸ ከመኖር ያርፋል። ፍርሃቱ ለከበደበት የሥነ ልቦና ምክርም ይረዳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለመንተባተብ ብሎ ያጸደቀው መድኃኒት የለም።

«ቀስ በል»፣ «ትንፋሽ ውሰድ» ማለት ብዙም አይረዳም። ቃሉን ነጥቆ መጨረስም እንዲሁ። ዓይኑን እያዩ መጠበቅ ይሻላል። መምህራንም የሚንተባተብን ልጅ ከክፍሉ ፊት አቁመው ባያስጨንቁት ጥሩ ነው።

የልጅዎ መንተባተብ ከ6 ወር በላይ ከዘለቀ፣ በቤተሰብ የሚንተባተብ ካለ፣ ወይም ልጁ ሲናገር ፊቱ ከተጨማደደ «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው አይቆዩ። ጠበል የሚወስዱትም ቢሆን ባለሙያ ጋር ከማድረስ አያግድዎትም። በአገራችን የንግግር ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው። ሊድኮምብ ግን በቪዲዮ ጥሪም ሊሰጥ ይችላል፤ ክፍለ አገር ላለ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።