በብሪታንያ በግላቸው የሚሠሩ መስኮት አጽጂዎች የጤናና ደኅንነት ሰነዶች

በእንግሊዝና በዌልስ መስኮት አጽጂ ለመሆን የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። መሰላል፣ ባልዲ፣ ጨርቅና የጎማ መጥረጊያ ያለው ሰው በግል ሠራተኛነት ተመዝግቦ፣ የአንድ ሠፈር በር እያንኳኳ ደንበኛ ማፍራት ይችላል። ከመኖሪያ ቤት አልፎ የሱቅ፣ የትምህርት ቤት ወይም የክሊኒክ መስኮት ሊዋዋል ሲሄድ ግን ብዙ ጊዜ ከዋጋው ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ራምስ አለዎት?» የሚል ነው። ራምስ የሁለት ሰነዶች ስም በአንድ ላይ ሲያጥር የተገኘ መጠሪያ ነው፤ አንዱ የስጋት ግምገማ፣ ሁለተኛው የአሠራር መግለጫ ነው። የመድን ምስክር ወረቀት፣ የኬሚካል መረጃ ቅጽና የመሰላል ምርመራ መዝገብም አብረው ይጠየቃሉ።

ስለነዚህ ወረቀቶች በአማርኛ የተሰናዳ ማብራሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በለንደንና በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች በጽዳት ሥራ የተሰማሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን አሉ፤ ከተቀጣሪነት ወደ ግል ሥራ ለመሻገር የሚያስቡም አይጠፉም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የሕጉ መነሻ

ከ1974 በፊት የነበሩት የብሪታንያ የሥራ ደኅንነት ሕጎች ለፋብሪካ፣ ለማዕድን ማውጫ፣ ለሱቅና ለቢሮ በየፈርጁ የወጡ ስለነበሩ፣ ከቤት ቤት እየዞረ የሚሠራውን ሰው በአብዛኛው አይነኩትም ነበር። ሙያተኞቹ ራሳቸው ግን ሕግ እስኪመጣላቸው አልጠበቁም፤ ዛሬ የመስኮት አጽጂዎች ፌዴሬሽን ተብሎ የሚታወቀው ማኅበራቸው ከ1947 ጀምሮ የቆየ ነው።

በሎርድ ሮበንስ የተመራው ኮሚቴ በ1972 ባቀረበው ሪፖርት መሠረት የ1974ቱ የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕግ ወጣ። የሕጉ ሦስተኛ አንቀጽ በግሉ የሚሠራ ሰው ራሱንም ሆነ በሥራው ምክንያት ሊጎዱ የሚችሉ ሌሎች ሰዎችን ከአደጋ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ኤችኤስኢ፣ ሥራ የጀመረው በ1975 ነው።

በ2011 ፕሮፌሰር ራግናር ሎፍስቴት የአገሪቱን የደኅንነት ሕጎች መርምረው ባቀረቡት ሪፖርት፣ ሥራቸው ሌላውን ሰው ለአደጋ የማያጋልጥ የግል ሠራተኞች ከሕጉ ነፃ እንዲሆኑ ሐሳብ ሰጡ። ሐሳባቸው ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። «የግል ሠራተኛን ሕጉ አይመለከተውም» የሚለው ወሬ የተዛመተው ከዚህ በኋላ ነው፤ መስኮት አጽጂን በተመለከተ ወሬው ስህተት ነው። ቤቱ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ነፃ ሊሆን ይችላል። መሰላሉን በእግረኛ መንገድ ላይ የሚያቆም፣ ቱቦ በበር ላይ የሚዘረጋና ከሰው ራስ በላይ ዕቃ የሚይዝ ሰው ግን ሌላውን ለአደጋ ያጋልጣልና ግዴታው እንዳለ ነው።

የ2005ቱ የከፍታ ሥራ ደንብ

በዚህ ሙያ ውስጥ እንደ ከፍታ ሥራ ደንብ ብዙ ያነጋገረ ሕግ የለም። በሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 6 ቀን 2005 ሲሆን በግላቸው የሚሠሩትንም በግልጽ ይመለከታል። ቀድሞ በግንባታ ሥራ ደንብ ውስጥ ሁለት ሜትር እንደ መለያ መስመር ይወሰድ ነበር። አዲሱ ደንብ ይህን መስመር አነሣው፤ አንድ ሰው ወድቆ ሊጎዳበት የሚችል ማንኛውም ቦታ ከፍታ ተባለ። የሳሎን መስኮት ለማጽዳት የሚወጡባት ባለ ሦስት እርከን መሰላልም በደንቡ ሥር ናት።

ደንቡ በቅደም ተከተል እንዲታሰብ ያዝዛል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሥራውን መሬት ላይ ቆሞ መሥራት ይቻል እንደሆነ ነው። ካልተቻለ መውደቅን የሚከላከል መሣሪያ ይፈለጋል፤ ያም ካልሆነ የሚወድቀውን ሰው ጉዳት የሚቀንስ ይዘጋጃል። የሚሠራው ሰው ብቃት ያለው መሆን አለበት፣ ሥራው ይታቀዳል፣ የአየሩ ጠባይ ደኅንነትን የሚያሰጋ ከሆነ ሥራው አይሠራም። ብሪታንያን የሚያውቅ ሰው የመጨረሻው ነጥብ የስንት ቀን ገቢ እንደሚያስቀር ይገባዋል፤ ነፋሱ ሲበረታ መሰላሉን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ቤት መመለስ የዚህ ሙያ ጨዋነት አንድ አካል ነው።

ደንቡ መሰላልን ከልክሏል የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ ኤችኤስኢ ራሱም ደጋግሞ አስተባብሎታል። መሰላልን የሚመለከተው የደንቡ አባሪ የሚለው፣ ስጋቱ ዝቅተኛና ሥራው አጭር ከሆነ ወይም የቦታው ተፈጥሮ ሌላ አማራጭ ካልሰጠ፣ ይህም በስጋት ግምገማ ከታየ፣ በመሰላል መሥራት ይቻላል ነው። አጭር ማለት ምን ያህል እንደሆነ ኤችኤስኢ በመመሪያው ሲያብራራ በአንድ ጊዜ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ ይላል። መሰላሉ በ75 ዲግሪ ይቆማል፤ በቀላል ስሌት አራት ክንድ ወደ ላይ ለሚሄድ አንድ ክንድ ከግድግዳው ይርቃል። የላይኞቹ ሦስት እርከኖች አይረገጡም። ተንጠራርቶ ማጽዳት ክልክል ነው፣ የቀበቶው ዘለበት ከመሰላሉ ሁለት ቋሚዎች መካከል መውጣት የለበትም። በላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ፣ ካልተቋረጠ ወይም በመከለያ ካልተሸፈነ በቀር በስድስት ሜትር አግድም ርቀት ውስጥ መሰላል አይቆምም። መሰላሉም በየዕለቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እግሩ፣ እርከኑና ቋሚው ይታያል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እስከ መጋቢት 2024 በነበረው የሥራ ዓመት በብሪታንያ በሥራ ላይ ከሞቱት 138 ሠራተኞች 50ዎቹ የሞቱት ከከፍታ ወድቀው ነው።

የስጋት ግምገማና የአሠራር መግለጫ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ1999ኙ የሥራ ጤናና ደኅንነት አስተዳደር ደንብ ስጋትን የመገምገም ግዴታን በግል ሠራተኛው ላይም ይጥላል፤ ውጤቱን በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ ያለበት ግን አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ነው። ብቻውን የሚሠራው ሰው ማሰብ አለበት፣ መጻፍ አይገደድም። እንዲጽፍ የሚያስገድደው ደንበኛው ነው፤ የራሱ የደኅንነት ግዴታ ያለበት የሱቅ ባለቤት ማን ግቢው ውስጥ ምን እንደሚሠራ በወረቀት ማየት ይፈልጋል። የአሠራር መግለጫም እንዲሁ ለዚህ ሥራ በስሙ ተጠርቶ በሕግ የታዘዘ ሰነድ አይደለም። ከግንባታው ዓለም የመጣ ልማድ ነው።

መጻፍ ካልቀረ ደግሞ ስለ ቦታው የሚናገር ወረቀት መጻፍ ይገባል። ምድርና አንድ ፎቅ ያለው፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ከኋላው ኮንሰርቫቶሪ የሚባል የመስታወት ክፍል የተቀጠለበት ቤት እንውሰድ። እንዲህ ዓይነት ቤት በየሠፈሩ ሞልቷል። የፊት ለፊቱ መስኮት ቀላል ነው። የኋላው የመኝታ ቤት መስኮት ግን ከኮንሰርቫቶሪው ጣሪያ በላይ ስለሆነ መሰላል በትክክለኛው ዘንበልታ አይቆምለትም፤ ጣሪያውም ሰው የሚሸከም አይደለም። ጥሩ ግምገማ ይህን መስኮት ለይቶ ይጠራዋል፤ «ከመሬት በዘንግ ይጸዳል፣ ካልተደረሰበት ይቀራል» ብሎ ይወስናል። የጓሮው ንጣፍ የሚያንሸራትት የድንጋይ ሽበት እንዳለው፣ ሣሩ ከዝናብ በኋላ የመሰላል እግር እንደሚውጥ፣ ውሻ መኖሩን፣ የጎን በር ወደ መንገድ እንደሚከፈት ይመዘግባል። የአሠራር መግለጫው ደግሞ ሰውየው ደርሶ መኪናውን ከሚያቆምበት ጀምሮ ዕቃውን እስከሚሰበስብበት ያለውን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ከበይነ መረብ ተገልብጦ ስም ብቻ የተቀየረበት ወረቀት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። መስታወቱን ሳያይ የተጻፈ ግምገማ በሕግ ፊት «በቂና ተስማሚ» ከሚባለው መስፈርት በታች ነው። መሰላሉ ላይ የሚወጣው ሰው ራሱ ቢጽፈው፣ ቋንቋው የተሰባበረ እንኳ ቢሆን፣ የተሻለ ሰነድ ይወጣዋል።

የውኃ ዘንግ

የ2005ቱ ደንብ ሥራን መሬት ላይ ቆሞ መሥራትን በማስቀደሙ፣ ውኃ በቱቦ ወደ ላይ እየላከ በብሩሽ የሚያጸዳ ረጅም ዘንግ በሙያው ውስጥ በፍጥነት ተስፋፋ። ውኃው በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ በሚያጣራ ዘዴ) እና በማጣሪያ ሙጫ ማዕድኑ ተወግዶለት ሲደርቅ ነጠብጣብ አይተውም፣ ስለዚህ መወልወል አያስፈልገውም። መውደቅን ከሥሩ የሚያስቀር ዘዴ ነውና ይህ ሙያ ሊኮራበት የሚገባ መሻሻል ነው።

የዘንጉ ግምገማ ግን የራሱ ነው። ብዙ ዘንጎች የሚሠሩበት ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ረጅም ዘንግ ወደ መስመር ቢጠጋ ውጤቱ ሞት ሊሆን ይችላል። ቱቦው መንገደኛን ይጠልፋል፣ ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይቆማል። ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ እያዩ መግፋት አንገትንና ትከሻን ይጎዳል። ክረምት ላይ የፈሰሰው ውኃ የደንበኛውን ደጃፍ በረዶ ያደርገዋል። የውኃው ክብደትም ይረሳል፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ 500 ሊትር የያዘ ታንክ ግማሽ ቶን ነው፣ መኪናው መሸከም መቻሉና ታንኩ በአግባቡ መታሰሩ በግምገማው ውስጥ መግባት አለበት።

ሞቅ ባለ ወቅት በመኪና ውስጥ የቆመ ውኃ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣውን የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል፤ አደጋው ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ግን ሙያተኞች አይስማሙም። ብሩሹ የሚረጨው ጠብታ ትልቅ ስለሆነ አደጋው አነስተኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ታንኩን ማጽዳትና ውኃውን አለማቆየት በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል ይላሉ። ጥንቃቄው ብዙ ወጪ ስለማይጠይቅ ቢጻፍ የሚጎዳ አይመስልም።

ገመድና የሚያነሳ ማሽን

ለረጃጅም ሕንፃዎች ሌላ ሥርዓት አለ። በገመድ የሚሠራ ሰው በተለያየ ቦታ የታሰሩ ሁለት ገመዶች፣ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የደኅንነት፣ ሊኖሩት ይገባል። ሰው የሚያነሳ ማሽንም በ1998ቱ የማንሻ መሣሪያዎች ደንብ መሠረት በየስድስት ወሩ ብቃት ባለው ባለሙያ ይመረመራል፣ ሪፖርቱም ይያዛል። በግሉ የሚሠራ ሰው ማሽኑን ሲከራይ ይህን ሪፖርት መጠየቅ አለበት።

ኬሚካል

በ2002ቱ ለጤና አደገኛ የሆኑ ነገሮች ቁጥጥር ደንብ መሠረት ለሚጠቀሙበት ሳሙናና ማጽጃ ሁሉ ግምገማ ይደረጋል፤ አምራቹ የሚሰጠው የመረጃ ቅጽ በመኪናው ውስጥ ይቀመጣል።

የጥራት ማኅተሞች

ትልልቅ ድርጅቶች ከራምሱም አልፈው፣ በክፍያ የሚሰጥና በየዓመቱ የሚታደስ የሦስተኛ ወገን የደኅንነት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ሕጉ ይህን አይጠይቅም። ኤችኤስኢም ከሕግ ሳይሆን ከንግድ ድርጅቶች እርስ በርስ የሚመነጨውን የወረቀት ጫና «ሰማያዊ ጥብጣብ» ብሎ ለይቶ ያየዋል። ለአንድ ሰው ሥራ ይህ ክፍያ ከባድ ነው፤ በርካታ ብቁ ሠራተኞች ከጨረታ የሚቀሩት በእጃቸው ጉድለት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ

በስኮትላንድ የ1982ቱ የሲቪክ አስተዳደር ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች መስኮት አጽጂዎችን በፈቃድ እንዲያሠሩ ሥልጣን ይሰጣቸዋል፤ ፈቃዱ የሚያስፈልገው ምክር ቤቱ ከወሰነ ነው። ሰሜን አየርላንድ የራሷ ሕግና የራሷ አስፈጻሚ አላት፣ ይዘቱ ግን ተቀራራቢ ነው።

አደጋ ሲደርስና መድን

በ2013ቱ የአደጋ ማስታወቂያ ደንብ መሠረት፣ የግል ሠራተኛው በሌላ ሰው የሥራ ግቢ ውስጥ ተጎድቶ ከሰባት ተከታታይ ቀናት በላይ ሥራውን መሥራት ካልቻለ፣ የማስታወቅ ግዴታ ያለበት ግቢውን የሚቆጣጠረው ሰው ነው። ስለዚህ የተጎዳው ሰው ለባለግቢው ወዲያውኑ መናገር አለበት።

በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባ መድን በሕግ ግዴታ ባይሆንም ያለ እሱ የንግድ ደንበኛ ማግኘት ዘበት ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው የቀጣሪ ኃላፊነት መድን አያስፈልገውም። ረዳት የቀጠረ ዕለት ግን በ1969ኙ ሕግ መሠረት ቢያንስ የ5 ሚሊዮን ፓውንድ ሽፋን መግዛት አለበት፤ ያለ መድን ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ቀን እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ሥራው በኩባንያነት ካልተመዘገበ፣ የቅርብ ዘመድ ብቻ የሚያሠራ ሰው ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። እኛ ዘመድ የምንለውና ሕጉ የሚዘረዝረው ግን አንድ አይደለም። አባትና እናት፣ አያት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወንድምና እህት በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከአንድ ቤት አብሮ ያደገ የአጎት ልጅ የለበትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲ እንዲያቀብል በክፍያ ከተያዘ መድኑ ይገዛለታል።