«የይስሙላ» ምን ማለት ነው?

ስብሰባ ይጠራል፣ አጀንዳ ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። ውሳኔው ግን ከስብሰባው በፊት ያለቀ ነው። አማርኛ ይህን «የይስሙላ ስብሰባ» ይለዋል፤ ሥርዓቱ ሳይጓደል ፍሬ ነገሩ ሆን ተብሎ የተወገደበት ማለት ነው።

«ሆን ተብሎ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሰው ስላልመጣ የከሸፈ ስብሰባ ደካማ ቢባል እንጂ የይስሙላ አይባልም። ቃሉ ክስ ነውና በዜናም ሆነ በሪፖርት የሚጠቀምበት ሰው ማስረጃውን አብሮ ማቅረብ አለበት፤ ለምሳሌ የጨረታው አሸናፊ ውል የፈረመው ሰነዱ ከመከፈቱ በፊት መሆኑን።

ከስም በፊት «የይስሙላ» (የይስሙላ ምርጫ)፣ ከግስ በፊት «ለይስሙላ» (ለይስሙላ አማከሩን) ይሆናል። ሰው ላይ ሲውል የሚነካው ሹመቱን ነው፤ የይስሙላ ሊቀመንበር ሥልጣን የሌለው ነው እንጂ ራሱ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ጠባዩን ለመንቀፍ ከተፈለገ «አስመሳይ» ወይም «ግብዝ» አለ።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት የዘመነ መሳፍንት ነገሥታት ናቸው። ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት አልጠፋም፤ ጦሩና ግብሩ ግን በመሳፍንቱ፣ በኋላም በተለይ በየጁ ራሶች እጅ ነበር። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ በየመሐሉ እየተሻሩ ስድስት ጊዜ ነግሠዋል። ዘውዱ እውነተኛ፣ ንግሥናው የይስሙላ።

ከ«ሐሰተኛ» የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ሐሰተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲው ያልሰጠው ነው። የይስሙላ ዲግሪ ግን ማኅተሙም ፊርማውም ትክክል ሆኖ ትምህርቱ ያልተሰጠበት ነው፤ መዝገብ ቤት ሄዶ ማጣራት አያጋልጠውም፣ ፈተና እንጂ።

«ለታይታ» የተደረገ ነገር ደግሞ በእርግጥ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ለታይታ የመጸወተ ሰው ገንዘቡን ሰጥቷል፤ ነቀፋው ልቡ ላይ ነው። «ለወጉ» ከሁሉም ይለዝባል። መንገደኛን «ግባ» ማለት ለወጉ ነው፤ ሁለቱም ስለሚያውቁት የሚታለል የለም። ይህንን ለይስሙላ ማለት ትሕትናን ማታለል ብሎ መክሰስ ነው።