ባይፖላር ምንድን ነው? “ተነሳባት” እና “ተሻላት”

እኛ ሰፈር ለእማዬ ሕመም ሁለት ቃል ብቻ ነበር። “ተነሳባት” እና “ተሻላት”። ሰፈሩ ከካራ አለፍ ብሎ፣ ወደ ለገጣፎ መውጫ ላይ ነው። ያኔ ግማሹ የገብስ ማሳ፣ ግማሹ ጨረቃ ቤት ነበር። ባይፖላር የሚለውን ቃል የሰማሁት አድጌ፣ ሰፈሩን ከለቀቅኩ በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ሁለተኛው የሰፈር ቃል ስህተት እንደነበር ነው።

ባይፖላር ማለት ባለ ሁለት ጫፍ ማለት ነው። የሰው ስሜት ከልኩ በላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ማኒያ ይባላል። ከልኩ በታች የሚወርድበትም አለ፤ ድባቴ ይባላል። በመሀል ሰውየው ደህና የሚሆንበት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አለ። ዛሬ ጠዋት ስቆ ማታ የሚያኮርፍን ሰው “ባይፖላር ነው” የሚሉ ልጆች አሉ። አይደለም። ያ አመል ነው። ማኒያ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ድባቴ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ።

ማኒያው እኛ ቤት የሚጀምረው በባልዲ ድምፅ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት እነቃለሁ። እማዬ መጋረጃውን በሙሉ አውርዳ እያጠበች ነው። ቡሃቃው እስከ አፉ ድረስ ሊጥ ሞልቷል። “ነገ ሰፈሩን በሙሉ አበላለሁ!” ትላለች። ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። እሷ ግን ከጎረቤት ስድስት ዶሮ በዱቤ ወስዳለች። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት እወዳቸው ነበር። ትዘፍናለች፣ ታስቀኛለች፣ ከትምህርት ቤት አስቀርታ መርካቶ ይዛኝ ትሄዳለች። ከዚያ ነው የሚበላሸው። የእቁቡን ብር ለማታውቀው ሰው ትሰጣለች። አጥር ላይ ቆማ ትጮኻለች። እግዜር ለይቶ እንደመረጣት ትነግረናለች። እንዴት ብትሉ መልስ የለም፤ ቁጣ ነው።

ዋናው ምልክት እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለን እኛ ጠዋት ድክም ይለናል። ማኒያ ውስጥ ያለ ሰው ግን ለሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ትኩስ ሆኖ ይነሳል፤ እንቅልፍ አያስፈልገውም። ቀለል ያለ ዓይነትም አለ፣ ሃይፖማኒያ የሚባል። እሱ ቤት አያፈርስም፤ እንዲያውም “ጎበዝ፣ ታታሪ” ያስብላል። ለዚህም ሳይታወቅ ይቀራል።

አሁን ወደ “ተሻላት” ልምጣ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እማዬ ዝም ትላለች። ጎረቤት “እሰይ፣ ጨዋ ሆነች፣ ጠበሉ ሠራ” ይላል። ጩኸት የለማ! ቤት ውስጥ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ወደ ጭቃው ግድግዳ ዞራ ተኝታለች። ቡና ጠጡ ተብላ አትሄድም። ቡሃቃው ውስጥ የቀረው ሊጥ ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ሰው እንዳያይብን በመሸ ጊዜ ከጓሮ የምደፋው እኔ ነበርኩ። 11 ዓመቴ ነበር። ስትጮህ ግቢያችን በሰው ይሞላል፤ ስትተኛ የሚመጣ የለም። ሕመሙ ግን ያው ሕመም ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው ከማኒያው ይልቅ በድባቴው ውስጥ ነው ረጅም ጊዜ የሚያሳልፈው። ራስን የማጥፋት አደጋውም እዚያ ይበረታል።

ሐኪም ጋ የወሰድናትም እንዲህ በተኛችበት ወቅት ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ የድባቴ ክኒን ሰጧት። ስለ ባልዲው ማንም አልጠየቀን፣ እኛም አልተናገርንም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ባልዲው ጮኸ። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። ታማሚው ደግሞ ስለ ማኒያው አያወራም፤ ለእሱ ያ ጤና የነበረበት ጊዜ ነው። መናገር ያለበት ቤተሰብ ነው።

የታወቀው መድኃኒት ሊቲየም ነው፤ ከድንጋይ የሚገኝ ጨው መሰል ነገር። ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ለማኒያ እንደሚሠራ ጻፈ። መጠኑ በደም ምርመራ መለካት አለበት፤ ትንሽ ሲበዛ ይመርዛል። ውሃ ሳይጠጡ መዋልና ተቅማጥ ደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ የሚጾም ሰው ለሐኪሙ ይንገር። ቫልፕሮኤት የሚባልም አለ፤ ጽንስ ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ መውለድ ለምታስብ ሴት አይመከርም። ጠበልን በተመለከተ ከማንም ጋር አልጣላም። እማዬም ትሄዳለች። የጎዳን ጠበሉ ሳይሆን “ክኒኑን ጣዪው” የሚሏት ሰዎች ናቸው።

ከምን ይመጣል? ከእርግማን አይደለም። የከተማ በሽታም አይደለም፤ ቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ እንዳለበት ታይቷል። በዘር ይተላለፋል ወይ? በከፊል። እናቱ ወይም አባቱ ካለበት ልጅ ላይ የመከሰት ዕድሉ ከመቶ አሥር ያህል ነው። ይህን ያነበብኩ ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ ደግሞ አለመተኛቴ አስፈራኝ።

እማዬ አሁን መድኃኒቷን ትወስዳለች። ስደውልላት ግን “ደህና ነሽ?” ብዬ አልጀምርም፤ ሁሌ “ደህና” ነው መልሷ። “እማ፣ ስንት እንጀራ ጋገርሽ?” እላታለሁ። አስራ አምስት፣ ሃያ ካለችኝ ስልኩን ዘግቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ስልሳ ካለችኝ የካራ ታክሲ እይዛለሁ። “ኧረ ሊጥም አላቦካሁ” ካለችኝም እይዛለሁ።