የእርግዝና ስኳር የደም ጠቋሚ ምንድን ነው?

ጠቋሚ፣ በላቦራቶሪ ቋንቋ ባዮማርከር፣ በደም ውስጥ ተለክቶ በሽታ መኖሩን ወይም እየመጣ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ነው። ለእርግዝና ስኳር እስከ ዛሬ የታመነው ጠቋሚ ግሉኮስ ራሱ ነው። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ድረስ ነፍሰ ጡሯ ሌሊቱን ምንም ሳትቀምስ አድራ ደም ትሰጣለች፤ ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦላት ትጠጣና ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ እንደገና ትሰጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መስፈርት፣ በባዶ ሆድ 92፣ በ1 ሰዓት 180፣ በ2 ሰዓት 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ይባላል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይበቃል። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ስሙ ሌላ ነው፤ ሙሉ የስኳር በሽታ ነው።

ችግሩ 24ኛው ሳምንት መዘግየቱ ነው። የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ማዳከም ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ከእናቲቱ ያለፈው ትርፍ ስኳርም ፅንሱን ማወፈር ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚናገር ጠቋሚ ይፈለጋል።

መጀመሪያ የሚታሰበው ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ፣ በተለምዶ የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ነው፤ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ይለካል። በእርግዝና ግን ያሳስታል። ቀይ የደም ሴሎች ዕድሜያቸው ስለሚያጥር ስኳር የሚጣበቅባቸው ጊዜ ያንሳል፣ ቁጥሩም ያለ አግባብ ይወርዳል። የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ካለ ደግሞ በተቃራኒው ይወጣል። ሁለቱ በአንዲት እናት ላይ ሲገናኙ ቁጥሩን ማመን ይከብዳል። በእርግዝናው መጀመሪያ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑ ስኳሩ ከእርግዝናው በፊት እንደነበር ይጠቁማል፤ ዝቅ ማለቱ ግን የግሉኮሱን መጠጥ አያስቀርም።

ከስብ ሴሎች የሚመነጨው አዲፖኔክቲን፣ ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራ የሚያግዝ ሆርሞን ነው። በኋላ የእርግዝና ስኳር በሚይዛቸው ሴቶች ደም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት አነስ ብሎ ይገኛል። የፆታ ሆርሞኖችን ተሸክሞ የሚዞረው የጉበት ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። ሆኖም የጤነኞቹና የሚታመሙት ቁጥሮች ስለሚደራረቡ ሁሉም የተስማማበት የመለያ መስመር የለም።

አዲሶቹ ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ናቸው፦ 22 ያህል ፊደል ብቻ ያላቸው፣ ጂኖችን የሚቆጣጠሩ አጫጭር ሰንሰለቶች። እንግዴ ልጁም በጥቃቅን ከረጢቶች እያሸገ ወደ እናቲቱ ደም ይለቃቸዋል። ቁጥር 16፣ 29ኤ እና 222 ብዙ ተጠንተዋል፤ ግን በአንዱ ጥናት ከፍ ያለው በሌላው ዝቅ ይላል። ለዚህ አለመግባባት ከፊሉ ምክንያት ደሙ የሚቀዳበት ቱቦ ውስጥ ይመስለናል። ቀይ የደም ሴሎች በቁጥር 16 እና 451 የተሞሉ ናቸው። ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ተስቦ ወይም ቱቦው ተንጦ ሴሎቹ ከፈረሱ፣ ማሽኑ የሚያነበው በሽታውን ሳይሆን የፈረሰውን ሴል ነው። ቱቦው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ካለበት ደግሞ ማይክሮ አር ኤን ኤዎቹን አባዝቶ የሚለካው ምርመራ፣ ፒሲአር፣ ይታገዳል፤ ለዚሁ ሥራ የሚውለው ሌላው ኬሚካል፣ ኢዲቲኤ፣ ያለበት ይመረጣል።

ተራው ግሉኮስም ከዚህ አያመልጥም። ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ሆነውም ስኳር ይበላሉ፣ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ። 94 የነበረ ናሙና ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ቢቆይ ወደ 89 ወርዶ እናቲቱ ጤነኛ ተብላ ትሸኛለች። ይህን ለመግታት ፍሎራይድ የተጨመረበት ቱቦም ወዲያው አያስቆመውም፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ናሙናው በረዶ ውስጥ ተቀምጦ በ30 ደቂቃ ውስጥ በሴንትሪፉጅ፣ ቱቦውን በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን፣ የደሙ ፈሳሽ ክፍል (ፕላዝማው) ከሴሎቹ መለየት አለበት።