ጉልት ምንድን ነው?

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጥግ፣ አንዲት እናት ማዳበሪያ አንጥፋ ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ትደረድራለች። "ከየት ገዛሽ?" ስትባል ጎረቤቴ "ከጉልት" ትላለች። እኛ ጉልት የምንለው ይህንን ነው። በአያቶቻችን ዘመን ግን ይኸው ቃል ራስና ደጃዝማች የሚያጣላ ነበር።

ብዙ ሰው ያ የድሮው ጉልት መሬት ይመስለዋል። ጉልት ከመሬቱ የሚወጣውን ግብር የመብላት መብት ነው። ከአባትህ ወርሰህ ለልጅህ የምታወርሰው መሬት ርስት ይባላል። ጉልተኛው ግን አራሹ ላይ የተሾመ ሰው ነው። ለመንግሥት የሚገባውን እህል፣ ማርና የጉልበት ሥራ እሱ ይቀበላል። በምላሹ ይዘምታል፣ ያስተዳድራል፣ ዳኝነት ያያል። ደመወዝ በብር በማይከፈልበት አገር ደመወዙ ይኸው ነበር። "ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚባለውም ከዚሁ ነው። ሹመቱ ሲነሳ እንጀራውም አብሮ ይነሳል። ለልጅ የሚተላለፍ ጉልትም ነበር፤ እሱ ርስተ ጉልት ይባላል።

ወደ ሐረር እንምጣ። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ አገሩንም በኋላ ራስ ለተባሉት ለመኮንን ሰጡ። አብሮ የሰፈረው ወታደርም መብላት ነበረበት። ስለዚህ እንደ ማዕረጉ ገባር፣ ማለትም ግብር የሚከፍለው ገበሬ፣ ተቆጥሮ ተሰጠው። ትናንት ማሳውን ለራሱ ያርስ የነበረ የኦሮሞ ገበሬ ዛሬ የአንድ ወታደር ደመወዝ ሆነ ማለት ነው። ስለ ማዕረግ ስናወራ ይህን ሰው መርሳት ትልቅ በደል ይመስለኛል።

ማዕረጉስ ይወረሳል? የሐረርን ታሪክ እዩት። ራስ መኮንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ አረፉ። ልጃቸው ተፈሪ በአባታቸው ዘመን ደጃዝማች ተብለው ጋራ ሙለታን ተሾመው ነበር። ሐረር ግን ለታላቅ ወንድማቸው ለይልማ ተሰጠች። ይልማ ብዙም ሳይቆዩ ሲሞቱ ደጃዝማች ባልቻ መጡ። ተፈሪ የአባታቸውን ወንበር ያገኙት በ1902 ዓ.ም. ነው። የራስ ልጅ መሆን ብቻውን አገር አያስበላም፤ ሰጪው ንጉሡ ነው። ፈረንጆች ራስንና ደጃዝማችን በራሳቸው የመሳፍንት ማዕረግ ሲተረጉሙ ይህ ልዩነት ይጠፋባቸዋል።

ጉልት በሕግ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲያ የመሬት ግብር ጉልተኛው ዘንድ ሳይቆም በቀጥታ ለመንግሥት እንዲገባ ተደረገ። በሰው መሬት የሚያርሰው ጭሰኛ ግን ለባለመሬቱ መክፈሉን ቀጠለ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ።