ጤናማ የደን አፈር ምንድን ነው?

«ደኑ አረንጓዴ ነው፤ ስለዚህ አፈሩ ጤናማ ነው» የሚለውን አባባል በሪፖርትም በንግግርም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ እንጦጦ ሲጽፍ «ታዲያ ዛፉ በምን ላይ የቆመ መስሏችሁ ነው?» ብሎ ጨመረበት። ይህ መልስ ያስፈልገዋል።

ባህር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንጦጦ ላይ አለ። ላዩ ታጥቦ ባለቀ መሬት ላይም ይቆማል። ስለዚህ ቁመቱ ስለ ላይኛው አፈር ብዙ አይነግረንም። ቀና ብላችሁ ያያችሁትን ተዉና መሬቱን እዩ። ቅጠሉ ለማገዶ ሲጠረግ በኖረበት ቦታ ሥሩ ተገልጧል፣ ጠጠሩ አፍጥጧል።

«ዝናቡን ዛፉ ይመክተዋል» ይሉኛል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ጠብታ ቅጠል ላይ ሲጠራቀም ይተልቃል። ከ8 ሜትር ገደማ በላይ ሲወርድ ደግሞ ከሰማይ የመጣ ያህል ይፈጥናል። ረጅም ዛፍ ሥር ያለ ባዶ መሬት ከሜዳው ይበልጥ ሊደበደብ ይችላል። አፈሩን የሚያድነው መሬት ላይ የተኛው የረገፈ ቅጠል፣ ሣሩና ቁጥቋጦው ነው። ይህን «ቆሻሻ» ብሎ ደን የሚያጸዳ ሰው ሳይ ያመኛል።

ለምነትና ጤናም አንድ አይደሉም። ላቦራቶሪ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለመለካት አፈሩን ፈጭቶ በወንፊት ያሳልፈዋል። ዋናው ነገር፣ የአፈሩ አወቃቀር፣ እዚያው ይጠፋል። እንጀራን አስቡ። ጤፉም ውኃውም ያው ሆኖ ዓይን ካላወጣ ወጡ አይገባውም። የአፈር ዓይኖች ትል፣ ምስጥና ሥር የቦረቦሯቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ዝናብ የሚሰርገው፣ ሥርም አየር የሚያገኘው በእነሱ ነው። ትኩስ እንጀራ በመዳፍ ብትጫኑት ዓይኑ ይደፈናል፤ ምጣድ ላይ ብትመልሱትም አይከፈትም። እርጥብ የደን አፈር ላይ ከብት ሲመላለስ ወይም ትራክተር ግንድ ሲጎትት የሚሆነው ይኸው ነው። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ነው። ለማገገም አሥርተ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። አፈር እንደ እንጀራ ሊጥ እርሾም አለው። ከዛሬው ሊጥ ካልተረፈ ነገ የሚያቦካው የለም፤ ቅጠሉ ሁሉ የሚወሰድበት ደንም ለከርሞ እርሾ አላስቀረም።

ስለዚህ የመንግሥት ደን አፈርን መጠበቅ ስል ማዳበሪያ መበተን ማለቴ አይደለም። ግንድ በበጋ፣ በተወሰነ መንገድ ብቻ ይጎተት። ቅርንጫፉና ልጣጩ እዚያው ይቅር፤ አይቃጠል። ከብት በክረምት አይግባ።

ቅጠል የሚለቅሙትን ሴቶች ግን አልከስም። ቅጠሉ የሚነደው የከተማው ምጣድ ሥር ነው። ሌላ ማገዶ ሳይቀርብላቸው ከደን ማባረር አፈሩን አያድነውም፤ እነሱን ግን ያስርባል።

ይህን ሁሉ ወደ ዋልካ፣ ማለትም ወደ ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ እንዳለ አታዙሩት። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ በተወሰነ ደረጃ ራሱን ይፈታል። ቅጠል በበዛ ቁጥርም ይሻላል ማለት አይደለም፤ በደረቅ ወራት የባህር ዛፍ ቅጠል ክምር እሳት ይጠራል።

ልዩነቱን ማየት የፈለገ ወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው መናገሻ ሱባ ይሂድ። ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ ነው የሚባል ደን ነው። ከአሮጌ ጽድ ሥር ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ ጣታችሁን ስደዱ። ያለ ትግል ይገባል።

የተተከለ ችግኝ ብዛት የምትመዘግቡ ባለሙያዎች ሁለት ዓምድ ጨምሩልኝ፦ መሬቱ ምን ያህል ተሸፍኗል፣ ውኃስ በስንት ደቂቃ ይሰርጋል? ልኬቱን ግን በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር አድርጉት፤ ደረቅ አፈርና እርጥብ አፈር እኩል ውኃ አይጠጡም።